አርባ ሁለት ዓመት በማሽኑ ክፍል፦ የሽማግሌ ዱ ሜንግ-ሺን የሕይወት ታሪክ

ሽማግሌ ዱ ሜንግ-ሺን ከአባታቸው ከአቶ ዱ ቲየን-ሼንግ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊያዎ ዪን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1952 ከታይናን ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ጠረፍ፣ ሃይ-ፑ በተባለው የጨው መንደር ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛው ነበሩ። አባታቸው የጨው ማሳ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸውም ጨው ይጠርጉ ነበር፣ እግር እስከነበራቸው ድረስ።

የመንደሩ ሰው የሚጠጣው ውኃ ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ከተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀዳ ነበር። ውኃው ጥርት ያለ፣ የባሕር ጨው ጣዕም የሌለው ስለነበረ፣ ጉድጓዱ ውኃ ባወጣ ቀን መንደርተኛው አዋጥቶ የአሻንጉሊት ቲያትር አስመጥቶ አማልክቱን አመሰገነ። በውኃው ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለ የታወቀው የስንቱ እግር ከጠቆረ በኋላ ነው። የወይዘሮ ዪን ቀኝ እግር በ1961፣ ግራው በ1964 ተቆረጠ። አቶ ቲየን-ሼንግ በጨው ጋሪ እየገፉ ቤተ ክርስቲያን ወደ ከፈተችው ነጻ ክሊኒክ ያመላልሷቸው ነበር፤ ቤተሰቡም ወንጌልን የሰማው እዚያው ወረፋ ሲጠብቅ ነው። ወይዘሮ ዪን በተጠመቁ ጊዜ አንዲት ጎረቤት፣ “እግሯን ሰጥታ ሃይማኖት ገዛች” ብላ አወራች። ወሬው ሲደርሳቸው፣ “እኔስ ገዛሁ፤ እናንተ እግራችሁን በነጻ እየሰጣችሁ አይደለም ወይ?” ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል።

ሽማግሌ ዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ከፈጸሙ በኋላ ታይናን ወደሚገኝ የኢንዱስትሪ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በ1970 በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። የውትድርና ግዴታቸውን በአንዲት ደሴት የስልክ ጣቢያ ፈጸሙ። እዚያ ምን እንዳዩ ተጠይቀው “ሽቦ” ብለው መልሰዋል።

በ1975 በከተማው ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃና የጤና ምርምር ላቦራቶሪ፣ “ለሦስት ወር የሚቆይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ” ተብለው ተቀጠሩ። የቅጥር ደብዳቤው ከዚያ በኋላ አልተለወጠም፤ እሳቸውም አርባ ሁለት ዓመት ቆዩ። ላቦራቶሪው በጉድጓዶቹ ዙሪያ ከ1960 ጀምሮ ቤት ለቤት የመዘገባቸውን 4,816 ሰዎች ይከታተል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የወረቀት ካርድ አለው፦ ስም፣ መንደር፣ የጠጣበት ጉድጓድ፣ የጠጣበት ዘመን። በየዓመቱ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ይጨመርበታል። መርዙ እግር ቆርጦ ብቻ አይተውም፤ አርባና ሃምሳ ዓመት አድፍጦ በፊኛና በቆዳ ካንሰር ይመለሳል። ስለዚህ በመዝገቡ ያለ ሰው በየዓመቱ ለነጻ ምርመራ በደብዳቤ ይጠራል። በመዝገቡ የሌለ አይጠራም። የሽማግሌ ዱ ሥራ በአጭሩ ይህ መዝገብ እንዳይጠፋ ማድረግ ነበር።

በ1979 የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ መመሪያውን የሚያነብ ስላልተገኘ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተሰጣቸው። ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ሦስተኛው ላይ ስህተት አገኙበት። ከዚያ ወዲህ በማሽኑ ክፍል በር ላይ “ላቦራቶሪው ያሉት የኮምፒውተር መሣሪያዎች” የሚል ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው ይለጥፉ ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ “ኮምፒውተር አንድ። ካርድ መብሻ ሁለት፣ አንዱ ይሠራል። ማቀዝቀዣ አንድ። ወንበር አንድ።” በሕንጻው የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያ ብቻ ስለነበር፣ ሙቀቱ በሚበረታበት በጁላይ ወር ዲኑ ሳይቀሩ ስለ ሳይንስ ሊጠይቁ እየመጡ በዚያች አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

የወረቀቱን ካርድ ማሽኑ ወደሚያነበው የተበሳ ካርድ ለመገልበጥ ከተቀጠሩት ልጃገረዶች አንዷ ወይዘሮ ኦው ሱ-ቺን ነበሩ። ክፍሉ አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው። ወይዘሮ ሱ-ቺን ጣታቸው ደንዝዞ፣ “ትንሽ ሞቅ አድርገው፤ ማሽኑ ከሰው ይበልጣል?” አሏቸው።

“ማሽኑ ካፖርት መልበስ አይችልም” አሉ ሽማግሌ ዱ፤ በማግስቱም የውትድርና ካፖርታቸውን አምጥተው ወንበሩ ላይ ሰቀሉላቸው። በ1980 በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በ1982 ሴት ልጃቸውን ዱ ዪ-አንን፣ በ1985 ወንድ ልጃቸውን ዱ ሼንግ-ካይን ወለዱ። በ1991 ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌነት ተመረጡ። የጸሎት ቤቱ የድምፅ ማጉያ ከዚያ ዓመት ወዲህ እያፏጨ አላስቸገረም።

በ1996 የዩኒቨርሲቲ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሲሉ የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ያለው ዝርዝር አጠረባቸው። “አጎቴ ዱ፣ መጋዘን ያሉትንም ይጨምሩበት እንጂ። ስድስት ኮምፒውተር አለ እኮ።”

“አይሠሩም።”

“ቢሆንም ዕቃ ናቸው።”

“የማይሠራ ዕቃ ቦታ ነው” አሉ። ዝርዝሩ ላይም “ቦታ የሚይዙ፦ ስድስት” ብለው ጨመሩ። ገምጋሚዎቹ የዚያን ዓመት ለላቦራቶሪው አዲስ ማሽን እንዲገዛ ያሳሰቡት በዚህች መስመር ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። የክፍሉ ኃላፊ ግን ቅያሜያቸውን እስከ ጡረታ ይዘውት ቆይተዋል።

በ1998 የማሽኑ ክፍል የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ተገጠመለት። ጭስ የሚያሸት መሣሪያ ከጣሪያው ላይ አለ፤ ጭስ ካሸተተ ጋዙ በራሱ ይለቀቃል። ክፍሉ ንጹሕ አየር የሚስበው በምሥራቁ ግድግዳ ካለ የብረት ፍርግርግ ነው። ሽማግሌ ዱ ከፍርግርጉ አጠገብ ሰሌዳ አቆሙ፦ “በዚህ ግድግዳ ሥር ምንም ነገር ማቃጠል ክልክል ነው። ዱ።” ምክንያቱን አልጻፉም።

እዚህ ላይ ስለ አረንጓዴዋ ከረጢት ማንሳት ያስፈልጋል። እንደ አገራችን ማንኛውም የማሽን ክፍል፣ ተማሪዎቹ ማሽኑ እንዳያምፅ ብለው፣ ስሙ ‘ጨዋ ሁን’ የሚል አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት በላዩ ያስቀምጡ ነበር። ቢጫ ወይም ቀይ አይሆንም፤ አረንጓዴ ማሽኑ ደህና ሲሆን የሚበራው መብራት ቀለም ነው። ሽማግሌ ዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ ይጥሉታል ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሳቸው ግን የሚያበቃበትን ቀን አገላብጠው አይተው፣ ሲያልፍበት በራሳቸው ገንዘብ አዲስ ገዝተው ይተኩት ነበር። “ታዲያ ያምናሉ ማለት ነው?” ሲሏቸው “የተበላሸ ብስኩት ጉንዳን ያመጣል” አሉ። ከዚህ የተነሣ ሰው ሁሉ በልቡ አንድ ነገር ደመደመ፦ አጎቴ ዱ ከረጢቱን ከታገሡ፣ የማይታገሡት ለሙታን የሚቃጠለውን ነው፤ ሰሌዳውም የሃይማኖታቸው ነው። ለአሥራ አራት ዓመት ማንም አልጠየቃቸውም። ሰውን ስለ ሃይማኖቱ መጠየቅ ነውር ነው።

በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር፣ እንደየመሥሪያ ቤቱ ሁሉ፣ የላቦራቶሪውም ሠራተኛ ለሙታን ገበታ ዘርግቶ የሙታን ገንዘብ የሚባለውን ወረቀት በበርሜል ያቃጥላል። ሽማግሌ ዱ ዕጣን አይዙም፤ ግን ጠረጴዛውን ተሸክመው ያወጣሉ፣ ፍራፍሬውንም ከሌላው ጋር ይበላሉ። በርሜሉ ሁልጊዜ የሚቆመው በደቡቡ ሜዳ ላይ ነበር።

ዓርብ ኦገስት 31 ቀን 2012 ሽማግሌ ዱ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ካዎሹንግ ከተማ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ጣሪያው ወጣ ብሎ ጥላ ያለው በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ብቻ ነበር። የክፍሉ ጸሐፊ ወይዘሮ ፋንግ ሹዌ-ኦ ሰሌዳውን አይተውታል። አንዱ ተማሪ፣ “እዚህ ክልክል ነው ይላል እኮ” ብሏቸው ነበር።

“በእሳቸው ፊት ማድረጉ ነው ነውሩ” አሉ ወይዘሮ ፋንግ። “ዛሬ ደግሞ የሉም። ሳይመለሱ አመዱን እንጠርገዋለን።”

ፍርግርጉ የበርሜሉን ጭስ ሳበ። ከሰላሳ ሰከንድ ማስጠንቀቂያ በኋላ ጋዙ ተለቀቀ። ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ እሳትም አልነበረም። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች እንዳስረዱት ጋዙ ራሱ ማሽን አይጎዳም፤ የጎዳው ከቧንቧው ሲወጣ ያሰማው ፉጨት ነው። የሚሽከረከር ዲስክ እንዲህ ያለ ድምፅ አይችልም። ከአርባ ስምንቱ ዲስኮች ሠላሳ አንዱ በዚያች ደቂቃ ሞቱ። ከሞቱት ውስጥ መዝገቡ ያለባቸውና የመዝገቡ ቅጂ ያለባቸው ይገኙበታል። ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ አራት እርምጃ ተራርቀው ነበር የተቀመጡት። ሽማግሌ ዱ ቅጂው በሌላ ሕንጻ እንዲቀመጥ በስድስት ዓመት ስድስት ደብዳቤ ጽፈዋል። ስድስቱም “በመታየት ላይ ነው” የሚል መልስ አግኝተዋል። መልሶቹ በፋይላቸው በቀን ቅደም ተከተል ተሰክተው ተገኝተዋል።

በዚያ ምሽት ከጉባኤው ሲመለሱ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ የሆነው የሚስታቸው ወንድም በላቦራቶሪው በር ላይ ጠበቃቸው። ወደ ውስጥ አልገቡም። በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ግድግዳው ነው። አመዱ በደንብ ተጠርጎ ነበር።

“ጋሼ፣ ያን ጊዜ ‘ጭስ ይገባል’ ብለው ቢጽፉበት ምን ነበረበት?” አላቸው።

“ፍርግርጉ እዚያው ነው ያለው” አሉ። “ሰው ያያል ብዬ።” ወደ ተጠረገው መሬት እያዩም፣ “አላየም” አሉ።

ከተበላሸ ዲስክ መረጃ ከሚያወጣ ድርጅት የተመለሰው የ1,290 ሰው መረጃ ብቻ ነው። መርማሪ ኮሚቴው ሽማግሌ ዱን ጠርቶ ማን በርሜሉን እንዳቆመ ጠየቃቸው። “እኔ አልነበርኩም፤ ያላየሁትን አልናገርም” አሉ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ሲባሉ፣ ሰሌዳውን ያለ ምክንያት የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ተናግረው ፈረሙ። በሠላሳ ሰባተኛ የአገልግሎት ዓመታቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በማሽኑ ክፍል በር ላይ ካለው ዝርዝርም “መዝገብ አንድ፣ ቅጂ አንድ” የሚለውን በራሳቸው እጅ ሰረዙት።

በሚቀጥለው እሑድ ወይዘሮ ፋንግ አንድ ካርቶን ጉዋቫ ይዘው ቤታቸው መጡ። ሳሎን ተቀመጡ። ወይዘሮ ሱ-ቺን ጉዋቫውን ከትፈው አቀረቡ።

“ጥሩ ጉዋቫ ነው። ከየት ነው?” አሉ ሽማግሌ ዱ።

“ከያንቻዎ ነው፣ አጎቴ ዱ። እኔ… ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው፣ እርስዎ ሲሄዱ የጠበቅኩት።”

“አውቃለሁ።”

“ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።”

“ሰኞ ቁልፍ ያስፈልገኛል” አሏቸው፤ “የምድር ቤቱን።”

በምድር ቤቱ የወረቀት ካርዶቹ ነበሩ። ማሽን ላይ ከተገለበጡ በኋላ ይጣሉ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተወስኖ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጋሪ በመጥፋቱ ቀርተዋል። በ2009 ዐውሎ ነፋስ ጎርፍ ገብቶ የታችኞቹን መሳቢያዎች አርሷል። ሽማግሌ ዱና ወይዘሮ ሱ-ቺን፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የገለበጡትን እንደገና መገልበጥ ጀመሩ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ ባለቤታቸው ይጽፋሉ። መዝገቡ ከማሽኑ ክፍል አይወጣም የሚል ሕግ ስላለ፣ በጁላይ ሙቀት ሁለቱም የክረምት ካፖርት ለብሰው እዚያው ይቀመጡ ነበር። በ2017 ጡረታ ወጡ። በማግስቱ በተለመደው ሰዓት መጡ፤ ዘበኛውም አልጠየቃቸውም።

ካርድ ብቻውን አይበቃም ነበር። ከካርዱ ወዲህ ያለውን አርባ ዓመት፣ ማን አገባ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ሞተ የሚለውን ሰው ነው የሚናገረው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር ብስክሌታቸው የጨው መንደሮቹን ይዞሩ ነበር። አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ከደጃፋቸው ኦይስተር የተባለውን የባሕር ዛጎል እየፈለፈሉ፣ “አንተ የዪን ልጅ አይደለህም? የዚያች እግር አልባ?” አሏቸው።

“ነኝ፣ አክስቴ።”

“ደም ወሰዳችሁ። ሽንት ወሰዳችሁ። ጥፍሬን እንኳ ቆርጣችሁ ወሰዳችሁ። ዛሬ ደግሞ ምን ቀረኝ?”

“ዛሬ ስም ብቻ ነው።”

“ስም ብቻ ይላል። እሱንም ሰጥቻችሁ ነበር። ምን አደረጋችሁት?”

ሽማግሌ ዱ “ጠፋብን” አሉ። አሮጊቷ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ “በል ጻፍ” አሉ፤ የራሳቸውን፣ የባላቸውን፣ የሞቱትን ሦስት ልጆቻቸውንም ስም ነገሯቸው። ሽማግሌ ዱ ስለዚህ ጉዳይ ለቤተሰቡ የተናገሩት አሮጊቷ ኦይስተር ሰጥተው እንደሸኟቸው ብቻ ነው። የቀረውን ከጎረቤት ሰማን።

የሥራውን ቅደም ተከተል የወሰኑት እሳቸው ናቸው። “ከደረቁ ካርዶች እንጀምር፤ ቶሎ ብዙ ሰው ይጠራል” አሉ። ልክ ነበሩ። መስመሩ ተሟልቶ ለተጻፈ ሰው ሁሉ የምርመራ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በ2020 ከተጠሩት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ካንሰራቸው ገና ሳይሰፋ ተገኝቶላቸዋል። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። የሃይ-ፑ ካርዶች ግን የነበሩት ጎርፍ ባረሰው የታችኛው መሳቢያ ነው። ስለዚህ የራሳቸው መንደር ወደ መጨረሻ ቀረ።

ወይዘሮ ሱ-ቺን፣ “የዪ-አን አባት፣ አንተም እኮ ያንን ውኃ ጠጥተሃል። መቼ ነው የምትመረመረው?” እያሉ በየዓመቱ ይጠይቋቸው ነበር።

“ስሜ ሲደርስ።”

ነርስ የሆነችው ልጃቸው ዪ-አንም ከካዎሹንግ ደውላ፣ “አባዬ፣ ማንኛውም ሆስፒታል ይመረምራል፤ ተራ የሚባል ነገር የለም” አለቻቸው። “እሺ” አሉ። ዪ-አን እሺታውን እንደ እሺታ ወሰደችው። መዝገቡ በእጁ ያለ ሰው ራሱን አስቀደመ መባልን ፈርተው ይሁን፣ ወይም ከዚያ ዓርብ ወዲህ ለራሳቸው አንዳች ነገር መጠየቅ አቁመው ይሁን፣ አልተናገሩም። ሽንታቸው ከደም ጋር መቀላቀል የጀመረው በ2020 መጨረሻ እንደሆነ የተናገሩት ለሐኪሙ ብቻ ነው።

በማርች 2022 ወደ ሃይ-ፑ መሳቢያ ደረሱ። ካርዶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነው ነበር፤ በእንፋሎት አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባቸው። የወይዘሮ ዪን ካርድ ጀርባ ላይ የልጃቸው ካርድ ተጣብቆ ተገኘ። “ዱ ሜንግ-ሺን፣ ወንድ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ የቤተ መቅደሱ ጉድጓድ፣ ከልደት ጀምሮ።” ሽማግሌ ዱ አነበቡ፤ ወይዘሮ ሱ-ቺን ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ባዘጋጁት ፕሮግራም የታተመ የምርመራ ደብዳቤ በፖስታ እቤታቸው ድረስ መጣ። በቀጠሮው ቀን፣ በቀጠሮው ሰዓት ሄዱ። የፊኛ ካንሰር ነበር፤ ወደ አጥንት አልፏል። ሐኪሙ፣ “ሁለት ዓመት ቢቀድም ኖሮ” ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም።

ከዚያ በኋላም በሕክምናው መካከል መሥራት የቻሉባቸውን ቀናት ሠርተዋል። ሴፕቴምበር 2023 ላይ ደረጃ መውረድ ሲያቅታቸው ወይዘሮ ፋንግ የተላቀቁትን ካርዶች ከምድር ቤት ያወጡላቸው ነበር። ወይዘሮ ፋንግ እሳቸውም ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል፤ ለምን እንደሚመጡ ማንም አልጠየቃቸውም። ከጠፉት 3,526 ሰዎች ውስጥ 3,314ቱ ወደ መዝገቡ ተመልሰዋል። ቅጂው አሁን በሌላ ሕንጻ ነው፤ ፈቃዱ የተገኘው በሰባተኛው ደብዳቤ ነው።

ሽማግሌ ዱ ሜንግ-ሺን ኖቬምበር 9 ቀን 2023 ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኦው ሱ-ቺንን፣ ልጆቻቸውን ዪ-አንንና ሼንግ-ካይን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህትና የሚስታቸውን ወንድም ትተውልን ሄደዋል።

ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናል። 212 ካርዶች ቀርተዋል። ሁሉም የሃይ-ፑ ናቸው፤ ቀለሙ በጎርፍ ስለፈሰሰ ጉድጓዱና ዕድሜው ይነበባሉ እንጂ ስሙ አይነበብም። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ስማቸው ካልተገኘ አይጠሩም። የላቦራቶሪው ፕሮፌሰር ዮ ጂያ-ሊንግ ካርዶቹን በሁለት ሳጥን ይዘው መጥተዋል፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ለዛሬ አንድ ቀን ብቻ ከክፍሉ እንዲወጡ ፈቅዷል። ከጸሎቱ በኋላ፣ ወደ መካነ መቃብሩ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት፣ የጨው መንደር ሰዎች የሆናችሁ ከበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ እለፉ። የእናትና የአባታችሁን፣ የጎረቤታችሁን ካርድ ካወቃችሁ ለወይዘሮ ሱ-ቺን ንገሯቸው፤ እሳቸው ይጽፋሉ። የማንበቢያ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ሁለት አለ። አውቶቡሱ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ተነግሮታል።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ እኛንም እስክንጨርስ ያቆየን። አሜን።